የባለሚስማሩ የገዛ ቤት ሶፋ

ባለሚስማሩን ሰፈሩ የሚያውቀው አፉን ዘግቶ ነው። ሶፋ ሲያለብስ ሰባት ስምንት ትንንሽ ሚስማር ይጎርስና አንድ በአንድ በምላሱ ወደ ከንፈሩ እየገፋ ለመዶሻው ያቀብላል። መዶሻው ማግኔት አለው፤ ሚስማሩን ከከንፈሩ ይቀበልና ጨርቁ ላይ ይተክለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው እንዲህ ነው። ሚስማር የጎረሰ ሰው ደግሞ ወሬ አያበዛም። ጥያቄ ሲቀርብለት «እም» ይላል፤ ጥያቄው ከከበደበት ሁለት ሚስማር ይጨምራል። ሚስቱ «ይሄ ሰውዬ ሚስማር የሚጎርሰው ለሥራው ነው ወይስ ከኔ ለመሸሽ?» ትላለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ለሁለቱም ነው።

የሚሠራበት ክፍል ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀርባ ነው። በመደብሩ ጎን ባለች ቀጭን መተላለፊያ ተገብቶ፣ ሁለት ደረጃ ተወርዶ ይደረስበታል። አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ፔዳሏ የሚንቋቋ የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ሥር የተደረደረ ስፖንጅ፣ መደርደሪያው ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ። ሌላ ሰው ቢያየው መጋዘን ይለዋል። ለእሱ ግን ከቤቱ ቀጥሎ ቤቱ ነው፤ አንዳንድ ቀን፣ ሚስቱ አትስማና፣ ከቤቱም ይቀድማል።

ሁለት ወግ አለው፤ ሁለቱንም የወረሰው ሥራውን ካስተማሩት ሽማግሌ ነው። አንደኛው፣ ከሶፋ ሆድ የሚወጣ ዕቃ የባለቤቱ ነው። ሳንቲም ቢሆን፣ ቁልፍ ቢሆን፣ ወረቀት ቢሆን ፖስታ ውስጥ ይከትና ከሶፋው ጋር ይመልሳል፤ ወረቀቱን ገልጦ አያነብም። ሁለተኛው፣ የተቀደደ ሶፋ ክፍሉ ከገባ መጀመሪያ የሚደረግለት ነገር አንሶላ ማልበስ ነው። ሽማግሌው «የሰው ሶፋ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ አይታይም» ይሉ ነበር። አዲስ ደንበኛ ሲገባ የሚያየው ታድሶ ያለቀውን ብቻ ነው፤ ያላለቀው አንሶላውን ተከናንቦ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ይህ ደግ ወግ ነው። ባለሚስማሩን ገደል አፋፍ ያደረሰውም ይኸው ደግ ወግ ነው።

ሥራው እየሳሳ ከመጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዋናው መንገድ ላይ አዳዲስ የቤት ዕቃ መደብሮች ተከፈቱ፤ ሰዉም አሮጌውን እያወጣ መጣል ለመደ። ከወሩ መጀመሪያ ወዲህ ጥግ ላይ የተቀመጡት አንሶላ ለባሾች ሁለት ብቻ ናቸው። አከራዩ፣ ማለትም የመደብሩ ባለቤት፣ ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ጠዋት በደረጃው ወርዶ መጣና ስፖንጁ ላይ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ንገረኝ» አለው። «ሥራ ካለህ እሰየው፣ ክፍሉ ያንተ ነው። ከሌለህ ግን ባዶ ክፍል አትጠብቅልኝ፤ ወረቀቴን ልከምርበት።»

ባለሚስማሩ «እም» አለና ሁለት ሚስማር ጨመረ።

ወሬው የሚስቱ ወንድም ጆሮ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ይህ አማች የቤት ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ከራባት አሥሮ ይሠራል፤ ሲናገርም ደብዳቤ የሚያነብ ይመስላል። «ጋሼ፣ መጋዘን ውስጥ የንብረት ጠባቂ ቦታ ተከፍቷል» አለው። «ምን ያደክምዎታል? ወንበር ላይ ተቀምጠው ወንበር ይቆጥራሉ።» ሚስት ደስ አላት። የባሏ ጉልበት ሲንቋቋ ከስፌት መኪናዋ ለይታ ማወቅ ካቆመች ቆይታለችና ደስ ቢላት አይፈረድባትም። ባለሚስማሩ ግን ፈራ። ያን ክፍል ቆልፎ ቁልፉን ሲያስረክብ እየታየው፣ እጁ ጨርቅ ላይ እያለ ልቡ ይከዳው ጀመር። ለማንም አልተናገረም። ዝም አይነቅዝም ብሎ ያደገ ሰው ነው።

ሴት ልጁ ግን አባቷን ታውቀዋለች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ትይዛለች። ቀኑን ሙሉ ስልክ እያነሳች ጥርሱን የታመመውን ሁሉ ታባብላለች። ከሁለት ዓመት በፊት ድረ ገጽ ያሠራችለት እሷ ናት። አማቹ ጽሑፉን ጻፈ፣ የሥራ ባልደረባዋ ወንድም ገጹን ሠራ፣ ባለሚስማሩ ደግሞ ፎቶ መረጠ፤ ሃያ ሁለት ፎቶ፣ ሃያ ሁለቱም ታድሰው ያለቁ። ከዚያ ሁሉም ዕዳውን እንደተወጣ ሰው ዘወር አለና ገጹን ረሳው። ገጹም መታደስ እንዳለበት ለልጅቱ የገባት አከራዩ የቆረጠውን ቀን ስትሰማ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ወዲያው ግን አልገባችም። መተላለፊያዋ ላይ ቆማ፣ ድረ ገጹ ላይ ባለው ቁጥር ደወለች።

«እም» አለ ስልኩ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ሶፋ ማሳደስ ፈልጌ ነበር።»

«እምም።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እም… እም እም።»

ዘግታ ገባች። «አባዬ፣ በረት የደወልኩ መሰለኝ» አለችው።

ባለሚስማሩ ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋና ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ጮክ ብላ ታነብለት ጀመር። «ድርጅታችን ዘመኑ ያፈራቸውን ቴክኖሎጂዎች በመጠቀም የውድ ደንበኞቹን ፍላጎት ከማርካት አንጻር ሰፊ እንቅስቃሴ በማድረግ ላይ ይገኛል።» ቀና አለች። «ድርጅታችን ማነው?»

ባለሚስማሩ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። «እኔ ነኛ።»

«ዘመኑ ያፈራው ቴክኖሎጂስ?»

መዶሻውን አነሳላት።

«እሺ። የሚደውሉት ሰዎች ምንድነው የሚሉህ?»

«አዲሱ ሶፋ ስንት ነው ይላሉ። ሌላ ቀለም አለው ወይ ይላሉ። አንሸጥም እላለሁ፤ ይዘጉታል።»

«ሁሉም?»

«ካሥር ዘጠኙ።»

ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረችው። «አንተን የማያውቅ ሰው ሆነህ እየው።» ባለሚስማሩ መነጽሩን አድርጎ አየ። ሃያ ሁለት ሶፋ፤ ቀይ ከፋይ፣ ቡናማ ቆዳ፣ ሁሉም ያንጸባርቃል። የእጁን ሥራ ሁሉንም ያውቀዋል፤ የትኛው ሞላው ተሰብሮ እንደመጣ፣ የትኛው ድመት ቧጥጦት እንደነበር። ፎቶው ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም። «ሱቅ ይመስላል» አለ ቀስ ብሎ።

«ሱቅ ነው የሚመስለው። አባዬ፣ ከመታደሱ በፊት የነበረው ካልታየ አንተ ምን እንደሠራህ ማን ያውቃል?» ተነስታ ወደ ጥጉ ሄደች፤ ያንደኛውን ሶፋ አንሶላ ጫፍ ያዘች።

«ተይ!»

እጇን ሰበሰበች። አባቷ እንዲህ ሲናገራት አታስታውስም። እሱም ደንግጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሰው ገመና ነው። አምኖኝ ያመጣውን ገበያ ላወጣበት?»

«ባለቤቶቹን እንጠይቃቸዋ።»

«እምቢ ማለት ቢያሳፍራቸውስ? መጠየቁም ያው ነው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል እኮ።»

«በሽተኛው ይናገር እንጂ ሐኪሙ አያወራም» አለ ባለሚስማሩ። ልጅቱ ሐኪም ቤት ስለምትሠራ ይህን ልትክድ አትችልም። ተቀመጠች። እግሯን አወዛወዘችና ቀና አለች።

«እሺ፤ የራሳችን በሽተኛ ይናገራ።»

የቱን በሽተኛ ማለቷ እንደሆነ ሳይነግሩት ገባው፤ ፊቱም ጨለመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እቤት ሳሎን ውስጥ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ አለ፤ ሲጋቡ አሮጌውን የገዙት። የእጅ መደገፊያው ተተልትሏል፣ የግራው መቀመጫ ሞላው ወጥቶ ይወጋል። ባለሚስማሩ «የሚቀጥለው ወር አለብሰዋለሁ» ያለው ልጅቱ አንደኛ ክፍል ስትገባ ነበር። ሚስቱ አበባ ያለበት ትልቅ ጨርቅ አልብሳዋለች። እንግዳ ሲመጣ በቀኝ በኩል ታስቀምጣለች፤ እንግዳው ከበዛ ባለሚስማሩ ራሱ ፈጥኖ የግራው ላይ ይቀመጥና ሞላውን ችሎ ፈገግ ይላል። ሚስትየዋ ለቅርብ ጓደኛዋ ብቻ «የሰውን ሲያለብስ የኔው ራቁቱን ቀረ» ብላ ታውቃለች። ጎረቤት ጨርቁን እንጂ ሶፋውን አይቶት አያውቅም።

እሑድ ልጅቱ «ሶፋችን ሳይታደስም ታድሶም ፎቶው ድረ ገጹ ላይ ይውጣ» ብላ ለእናቷ ነገረቻት። እናት የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠች።

«አብደሻል? ዓለም በሙሉ ሳሎኔ ገብቶ ሶፋዬን ገልቦ ይይ?»

«እማዬ፣ የማን ቤት እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«አባትሽ ስሙ የለበትም? ስልኩስ? ሃያ ምናምን ዓመት የሸፈንኩትን በአንድ ቀን ልታወጪብኝ ነው? ወንድሜ የሰጠው ሥራ ምን አለው? ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ…»

«መቁጠር አልችልም» አለ ባለሚስማሩ።

ሁለቱም ዞሩ። መስኮቱ አጠገብ ቆሟል፤ አፉ ውስጥ ሚስማር የለም። «እኔ ወንበር የማውቀው በሆዱ ነው። ከላይ አይቼ ብቆጥረው ምን አውቅለታለሁ? ያን ክፍል መልቀቅ አልፈልግም። ቁልፉን ባስረክብ ጠዋት ተነስቼ የት እንደምሄድ አላውቅም። ፈርቻለሁ።»

ሚስቱ አየችው። በትዳራቸው ዘመን ይህን ያህል አረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ተናግሮ አያውቅም። «ፈርቻለሁ» ሲል ደግሞ ልጃቸው ስትወለድ እንኳ አልሰማችውም፤ ያኔም «እም» ነው ያለው። አንጀቷን በላው። ተነሳች፤ አበባማውን ጨርቅ በአራቱም ጫፍ ሰብስባ ገፈፈችው፣ አጠፈችው፣ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«አንሺ» አለች። «ቆይ ግን፣ መጀመሪያ አቧራውን ልጥረገው።»

«እማዬ፣ አቧራውም ይታይ። እንደሱ ነው የሚያምረው።»

«አይታይም» አለችና ጠረገችው።

ባለሚስማሩ እዚያው ሳሎን ውስጥ ጉጠቱን ይዞ ተንበረከከ። ልጅቱ እያንዳንዱን ደረጃ በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ የተተለተለውን መደገፊያ፣ ተፈርፍሮ ዱቄት የሆነውን ስፖንጅ፣ አንገቱን ያወጣውን ሞላ። ከሆዱ ሁለት ቁልፍ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ አራት ላይ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት ወጣ። ባለሚስማሩ እንደ ልማዱ ሳይገልጥ ወደ ፖስታው ሊከተው ሲል ሚስቱ ነጠቀችው። «የገዛ ሶፋዬ ነው፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ» አለችና ገለጠችው። ልጅቱ ስልኳን ዝቅ አደረገች።

የትምህርት ቤት ካርድ ነበር። ሰባተኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ወሰነ ትምህርት። ሒሳብ፣ ሠላሳ ስምንት።

«ያን ጊዜ አስተማሪያችን ታመው ካርድ አልተሰጠንም ያልሽን…» እናት መጨረስ አቃታት። ሶፋው ፈርሶ መቀመጫ የለምና ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ልጅቱ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። ባለሚስማሩ ካርዱን ተቀብሎ ከማበጠሪያው አጠገብ በሥርዓት አስቀመጠው።

«አንሺው» አላት።

«አባዬ፣ መሥሪያ ቤት ሁሉም ሰው ያየዋል እኮ! ዶክተሮቹ ያዩታል!»

«የእኛ ገመና ከወጣ ያንቺም ይውጣ። በሽታውን የደበቀ…»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለችና አነሳችው።

ሶፋው በአራት ቀን አለቀ፤ ግራጫ ጨርቅ ለበሰ። ከዚያ ልጅቱ የድሮውን ገጽ በሙሉ አጠፋችና «አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍ» አለችው። ስልክ ቁጥሩን ከሁሉም በላይ አደረገች። ከሥሩ የአባቷ ቃል፣ ምንም ሳይጨመርበት እንዲህ ተጻፈ፦

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሶፋና ወንበር አልብሻለሁ። አዲስ አልሸጥም። ይሄ የገዛ ቤቴ ሶፋ ነው፤ እንዲህ ነበር፣ እንዲህ ሆነ። ከውስጡ የወጣውም ይሄ ነው። ካርዱ የልጄ ነው፣ በፈቃዷ ነው የወጣው። ከእርስዎ ሶፋ የሚወጣውን ግን አላነበውም፤ በፖስታ አድርጌ እመልሳለሁ። አንሳ ካላሉኝ በቀር ፎቶ አላነሳም። ስልክ አንስቼ ቶሎ ካልመለስኩ ሚስማር እየተፋሁ ነው፤ ይታገሡኝ።»

አማቹ አንብቦ ወዲያው ደወለ። «ጋሼ፣ ‹ድርጅታችን› የሚለው የት ሄደ? ይሄ እኮ ከደረጃ በታች ነው» አለ። እንዳዘነ ያስታውቃል።

ወሩ ሊያልቅ ሰባት ቀን ቀርቶታል። አንድ ቀን አለፈ፤ ስልክ የለም። ሁለተኛው ቀንም እንደዚያው። የአዲስ ሶፋ ዋጋ የሚጠይቁት እንኳ ጠፉ። ባለሚስማሩ ጥግ ላይ የነበሩትን ሁለቱን ሶፋዎች ጨርሶ ለባለቤቶቻቸው መለሰ፤ ክፍሉም ባዶ ሆነ። አምስተኛው ቀን ላይ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተተ፤ ቆይቶ አወጣው፤ ሚስማር ጎረሰና የሚተክልበት ነገር ስላጣ የራሱን በርጩማ መጠገን ያዘ። ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው።

መዳፉ ላይ ተፋና አነሳ።

«ሚስማሩን ተፉት?» አሉ አንዲት ሴት፤ ድምፃቸው የአዛውንት ነው።

«ተፋሁት።»

«ያ ሶፋ እውነት የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሞላው የወጣው?»

«የኔው ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ተቀምጬበታለሁ።»

«የኔ ወንበር እንግዲህ ከዚያ አይብስም» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ገጽዎን እየከፈትኩ ስዘጋ ነበር። እነዚያን የሚያብረቀርቁትን ሳይ፣ የኔን ይዤ ብሄድ ከደጃፍ ይመልሱኛል እያልኩ። አሁን የእርስዎን አየሁትና ደፈርኩ።»

ባለሚስማሩ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሁለት ዓመት። ሰው እንዳያፍር ብሎ የተቀደደውን ሁሉ ሲሸፍን፣ የተቀደደበት ሰው ሁሉ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ሲያፍር ኖሯል። ስንቱ ከፍቶ እንደዘጋ ማን ያውቃል። መዳፉ ላይ ያሉትን ሚስማሮች አንድ በአንድ ወደ ኪሱ ከተተ።

«ሚስማር አለ እንዴ?» አሉ ሴትየዋ።

«የለም፣ እናቴ» አለ። «ነገ ይዘው ይምጡ።»

በማግስቱ፣ ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አንዲት ፒክአፕ መተላለፊያዋ አፍ ላይ ቆመች። ሴትየዋ በጡረታ ላይ ያሉ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ገና ሰላም ሳይሉ «ሠላሳ ስምንት ያመጣችው ልጅ የታለች?» ነበር ያሉት። ወንበራቸው አንሶላ ለብሷል፤ ከቤት ጀምሮ፣ በራሳቸው እጅ። ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡ፤ ሕንጻቸው ውስጥ ያሉ የሦስት ጎረቤቶች ስልክ ተጽፎበታል። «ገጽዎን አሳየኋቸው። ለካ ሁሉም ጨርቅ ጥሎበት ነው የሚኖረው» አሉ። «አንዷማ አምስት መቀመጫ ነው ያላት፣ አምስቱም ሰምጠዋል።»

ባለሚስማሩ በልቡ ቆጠረ፤ የሁለት ወር ተኩል ሥራ ነው። አከራዩ የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ በደረጃው እየወረደ ነበር። ወንበሩን አየ፣ ሴትየዋን አየ፣ ባለሚስማሩን አየ።

«እህ፣ ቁርጡ ታወቀ?»

«ወረቀትህን ሌላ ቦታ ከምር» አለ ባለሚስማሩ።

አከራዩ ሳቀ፤ እጁን ጨብጦት ሽቅብ ወጣ። ባለሚስማሩ ወንበሩን እንዳለ፣ ከነአንሶላው ወደ ጥጉ ሊወስደው አቀፈው። አስተማሪዋ ክንዱን ያዙትና አስቆሙት። አንሶላውን በራሳቸው እጅ ገፈፉት። ጀርባው ተቀድዷል፣ መቀመጫው ሰምጧል፣ ስፖንጁ በጎን እየተንጠባጠበ ነው።

«ከመክፈትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት» አሉ።

«ግድ የለም እናቴ፣ አያስፈልግም።»

«ያንሱት እንጂ። ሌላዋ ደግሞ እንደኔ ሁለት ዓመት አትጠብቅ።»

ባለሚስማሩ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ጨርቅ አንስቶ መጀመሪያ አቧራውን ጠረገለት።